ሚስተር ቢን አልሞተም፣ ፒኤችዲም የለውም

ሚስተር ቢን አልሞተም። በ2016 ሞተ ተባለ። በ2017 ሞተ ተባለ። በ2018 ደግሞ እንደገና "ሞተ"። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በእያንዳንዱ ዙር በሺህ የሚቆጠር ሰው ጥቁር ሻማና የሚያለቅስ ኢሞጂ እያደረገ ሼር አደረገው። ሰውዬው ግን እንግሊዝ አገር ቤቱ ቁጭ ብሎ ሻዩን እየጠጣ ነበር።

በ2024 ደግሞ ጨዋታው ረቀቀ። አልጋ ላይ የተኛ፣ ፊቱ የከሳ፣ የገረጣ ሽማግሌ ፎቶ "ሚስተር ቢን በመጨረሻ ሰዓቱ" ተብሎ ዞረ። ፎቶው የሌላ እንግሊዛዊ ታማሚ ነው፤ ፊቱን በኮምፒውተር ቀይረው የአትኪንሰንን ለጠፉበት። እውነተኛው ታማሚ ከዓመታት በፊት በአንድ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ የነበረ ሰው ነው። የሰው ሕመም ተሰርቆ ላይክ መሰብሰቢያ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ሰውዬ በአማርኛም በየጊዜው የሚዞሩ ሌሎች ፖስቶች አሉ። "ሚስተር ቢን ፒኤችዲ አለው" የሚለው አንዱ ነው። ሌላው ያ ረጅሙ፣ አነቃቂው፦ በመንተባተቡና በመልኩ ምክንያት ሁሉም ቴሌቪዥን ጣቢያ በር ዘጋበት፣ ተስፋ አልቆረጠም፣ ዛሬ ሚሊየነር ነው፣ ሼር አድርጉት። እስቲ ዛሬ እውነቱን ከውሸቱ እንለየው። እውነቱ እኮ ከፖስቱ የበለጠ ደስ ይላል።

ሮዋን ሰባስቲያን አትኪንሰን የተወለደው ጥር 6 ቀን 1955 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኮንሴት በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ነው። አባቱ ገበሬም የድርጅት ኃላፊም ነበር። ድሃ አደግ አይደለም፣ ይሄንንም ፖስቶቹ አይነግሯችሁም። የተማረው ደርሃም ካቴድራል ሥር ባለው የመዘምራን ትምህርት ቤት ነው። ኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ቶኒ ብሌርም እዚያው ነው የተማረው። ከዚያ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ አጠና። ቀጥሎ ኦክስፎርድ ገብቶ በዚያው ሙያ ማስተርሱን ያዘ። የማስተርስ ጥናቱ ራሱን በራሱ እያስተካከለ ስለሚሠራ የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ነበር፤ ማለትም አንድ ማሽን ሁኔታው ሲቀየርበት ሰው ሳይነካው ቅንብሩን እንዲያስተካክል ማድረግ። ከዚያ በኋላ የዶክትሬት ሥራ ጀምሮ ነበር፣ ግን ትቶት ወደ መድረክ ሄደ። ስለዚህ "ፒኤችዲ" የሚለው ውሸት ነው፣ "ኢንጂነር" የሚለው ግን ልክ ነው።

ኦክስፎርድ ላይ ከትምህርቱ ይልቅ ሕይወቱን የቀየሩት ያገኛቸው ልጆች ናቸው። ሪቻርድ ከርቲስ የሚባል ጸሐፊና ሃዋርድ ጉዳል የሚባል ሙዚቀኛ ነበሩ። ሦስቱ አብረው ቀልድ መሥራት ጀመሩ፣ በ1976 ኤዲንብራ ከተማ በሚካሄደው ትልቁ የቴአትር ፌስቲቫል ላይ ቀረቡ። የሚስተር ቢንን ሙዚቃ የሠራው ይኸው ጉዳል ነው። መጀመሪያ ላይ ሚስተር ቢን ከሰማይ በብርሃን ሲወድቅ የሚሰማው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚመስለው ነገር ትዝ ይላችኋል? መዘምራኑ በላቲን ቋንቋ፣ በፍጹም ቁም ነገር፣ ስለ ባቄላ ነው የሚዘምሩት። "ቢን" ባቄላ ማለት ነዋ። ስሙ ሲፈለግ ሌሎች አትክልቶችም ተሞክረው ነበር፤ "አቶ አበባ ጎመን" ለመባል ትንሽ ነበር የቀረው።

አሁን ወደ "በር ተዘጋበት" ታሪክ እንምጣ። በ1979 አትኪንሰን የ24 ዓመት ወጣት ነበር። በዚያው ዓመት ቢቢሲ ላይ በጀመረ የዜና ስላቅ ፕሮግራም ከአራቱ ዋና ተዋንያን አንዱ ሆነ። የፕሮግራሙ ስም ራሱ ቀልድ ነው፦ "የዘጠኝ ሰዓቱ ዜና ያልሆነው"። ዋናው ቻናል ላይ የምሽቱ ዜና ሲተላለፍ በዚያው ሰዓት በሁለተኛው ቻናል ይቀርብ ነበር። ዓለም አቀፍ ኤሚ እና ባፍታ አሸነፈ። በ1981 ደግሞ በለንደኑ ዌስት ኤንድ፣ ማለትም ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች ባሉበት ሰፈር፣ ለብቻው መድረክ ይዞ ሙሉ ትርኢት ያቀረበ በዕድሜ ትንሹ ሰው ሆነ። 26 ዓመቱ ነበር። ይሄ በር የተዘጋበት ሰው ታሪክ ነው? ኧረ አይደለም። በሩ ገና በጊዜ ነው የተከፈተለት።

መንተባተቡ ግን እውነት ነው።

አትኪንሰን ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተባል። ዛሬም አልተወውም። በተለይ "ብ" በሚለው ድምፅ የሚጀምሩ ቃላት ያስቸግሩታል። ደግሞ የሚገርመው የሚታወቅበት አንዱ ነገር ያንን ፊደል አጋንኖ፣ ከንፈሩን ሰብስቦ፣ እንደ ቡሽ አፈንድቶ ማውጣቱ ነው። ብላክአደር በተባለው ሲትኮም ውስጥ "ቦብ" የሚለውን ስም ሲጠራ የነበረውን እንግሊዞች እስካሁን እየደገሙ ይስቁበታል። ችግር የነበረው ድምፅ ፊርማው ሆነ።

ስለ መንተባተብ ትንሽ እናብራራ፣ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል። "ደንግጦ ነው"፣ "እናቱ ስታረግዝ እንዲህ አድርጋ ነው"፣ "ፈሪ ስለሆነ ነው" ይባላል። መንተባተብ የፍርሃት ውጤት አይደለም፤ ፍርሃት ሊያብሰው ይችላል እንጂ አያመጣውም። አእምሮ ንግግርን የሚያቀናብርበት፣ ጊዜውን የሚጠብቅበት መንገድ ላይ ያለ ልዩነት ነው። በዘርም ይተላለፋል። ከመቶ ሕፃናት አምስት ያህሉ በሆነ ጊዜ ይንተባተባሉ፣ አብዛኞቹም ያልፍላቸዋል። ከመቶ አዋቂዎች ደግሞ አንዱ ገደማ አብሮት ይኖራል። ወንዶች ላይ ይበዛል። ከማሰብ ችሎታ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ይኸው ኦክስፎርድ የተማረ ኢንጂነር።

አሁን ቁም ነገሩ፦ የሚንተባተቡ ብዙ ሰዎች ሲዘፍኑ አይንተባተቡም። ከሰው ጋር አንድ ላይ ሲያነቡ አይንተባተቡም። ሌላ ሰው ሆነው ሲተውኑ ደግሞ ብዙዎቹ ቃላቸው ይፈታል። አትኪንሰንም ራሱ የተናገረው ይህንኑ ነው፤ ገጸ ባሕርይ ሲለብስ መንተባተቡ ይሄዳል። ለምን? ሳይንሱ ጨርሶ አልተቋጨም። አንዱ ማብራሪያ በዘፈንም ሆነ በትወና ጊዜ ንግግሩ ከውጭ የመጣ ምት ስለሚኖረው አእምሮ ጊዜውን ከራሱ ማመንጨት አይጠበቅበትም የሚል ነው። ያም ሆነ ይህ፣ መድረክ ላይ ያ ሁሉ ረጅም ዓረፍተ ነገር እንደ ጥይት ሲወጣለት የሚያዩት ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ ዝግ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ፣ እየቆመ የሚያወራው ለዚህ ነው።

እኔ ክፍል ውስጥ አብሮኝ የተማረ የሚንተባተብ ልጅ ነበር። መምህር ሲጠይቀው መልሱን እያወቀ "አላውቅም" ይል ነበር፣ ምክንያቱም "አላውቅም" ትወጣለታለች። የአነቃቂ ፖስቱ ችግር እዚህ ላይ ነው። "መንተባተቡን አሸንፎ ሚሊየነር ሆነ" ሲባል ያ ልጅ የሚሰማው "አንተ ግን አላሸነፍክም" የሚለውን ነው። አትኪንሰን አላሸነፈውም። አብሮት እየኖረ ሥራውን ሠራ። በነገራችን ላይ ልጅ ሲንተባተብ "ቀስ በል"፣ "ተንፍስ" ማለትና ቃሉን መጨረስ አይጠቅምም። ዝም ብሎ መጠበቅ ነው።

ብላክአደርን ጠቀስኩ አይደል? እኛ አገር ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እንግሊዞች ግን አትኪንሰንን ሲያስቡ መጀመሪያ የሚመጣላቸው እሱ ነው። ከ1983 እስከ 1989 በአራት ምዕራፍ፣ በ24 ክፍል ወጣ። በ2004 ቢቢሲ ሕዝቡን ምርጥ ሲትኮም ብሎ ሲያስመርጥ ሁለተኛ ወጥቷል። ሲትኮም ማለት፣ ለማያውቅ፣ የታወቁ ሰዎች በታወቀ ቦታ ተቀምጠው በየሳምንቱ አዲስ ጣጣ ውስጥ የሚገቡበት ኮሜዲ ነው፤ የእኛን "ቤቶች"ን አስቡ። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ዋጋ ነው። ሳሎኑ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ለዓመታት ይቀረጽበታል።

ብላክአደር ይህንን የተማረው በመከራ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሜዳ ላይ፣ ፈረስና ግንብ ያለበት፣ ብዙ ገንዘብ የበላ ነበር፤ የጻፉትም ከርቲስና አትኪንሰን ራሱ ናቸው። ቢቢሲ ሊዘጋው ደርሶ ነበር። አትኪንሰን ጽሑፉን ለቀቀ፣ በእሱ ቦታ ቤን ኤልተን የሚባል ጸሐፊ ገባ፣ ፈረሱና ሜዳው ቀርቶ ሁሉም ነገር ማለት ይቻላል ስቱዲዮ ውስጥ ሆነ። ገጸ ባሕርዩም ተገለበጠ፦ ከሞኝ ልዑል ወደ ምላሱ እንደ ምላጭ የሰላ ብልጥ። ከዚያ በኋላ ነው ፕሮግራሙ የተነሳው። የመጨረሻው ምዕራፍ አንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ነው። በመጨረሻው ክፍል ሁሉም ከምሽጉ ወጥተው ወደ ጥይቱ ይሮጣሉ፣ ሜዳውም ቀስ እያለ ወደ ቀይ አበባ ሜዳ ይቀየራል። ሳቅ የለም። ኮሜዲ እንደዚያ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ የእኛም ታሪክ ይገባል። ጥቅምት 1984፣ በእኛ 1977 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የቢቢሲ ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ከኮረም የላከው ዘገባ እንግሊዝን አናወጠ። ዘፋኞቹ ባንድ ኤይድን አቋቋሙ፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ኮሜዲያኖቹ ያደረጉትን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። የአትኪንሰን የኦክስፎርድ ጓደኛ ሪቻርድ ከርቲስ ከኮሜዲያኑ ሌኒ ሄንሪ ጋር ሆኖ በ1985 ኮሚክ ሪሊፍ የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ መነሻው የኢትዮጵያ ረሃብ ነው። በ1988 የመጀመሪያውን "የቀይ አፍንጫ ቀን" በቴሌቪዥን አካሄዱ፤ ሰው የፕላስቲክ ቀይ አፍንጫ ገዝቶ ያደርጋል፣ ኮሜዲያኖች ሌሊቱን ሙሉ ያስቃሉ፣ ተመልካች ስልክ ደውሎ ገንዘብ ይሰጣል። ያን ምሽት 15 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰበሰበ። አትኪንሰን ለዚያ ምሽት ብቻ የተሠራ አጭር ብላክአደር ይዞ ቀረበ። በኋላም ሚስተር ቢንን ይዞ በተደጋጋሚ ተመልሷል። ድርጅቱ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ሰብስቧል።

መልካም ነገር ነው፣ ሰው ድኗል። ግን ደግሞ የኢትዮጵያ ስም በዓለም ላይ ከረሃብ ፎቶ ጋር ተሰፍቶ የቀረው በዚያው ዘመን መሆኑን አንርሳ። ድርጅቱም ቢሆን ታዋቂ ነጭን አፍሪካ ልኮ ከሚያለቅስ ሕፃን ጋር መቅረጽ ሲያስወቅሰው ቆይቶ በ2020 አካሄዱን እንደሚቀይር አሳውቋል። ዘግይቷል ባይ ነኝ።

ወደ ሚስተር ቢን። ገጸ ባሕርዩ የተጸነሰው አትኪንሰን ኦክስፎርድ ተማሪ እያለ ነው፤ ከፈረንሳዩ ፊልም ሠሪ ዣክ ታቲ ብዙ ወስዷል፤ ታቲ ሙስዩ ኡሎ የሚባል ዝምተኛ፣ የሚደናበር ሰው ነበረው። አሁን የኢንጂነሩን አእምሮ ተመልከቱ። በ1987 ሞንትሪያል፣ ካናዳ ውስጥ በሚካሄደው የኮሜዲ ፌስቲቫል ላይ ተጋበዘ። ፌስቲቫሉ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ መድረክ ነበረው። የአትኪንሰን ትርኢት ውስጥ ግን ፈረንሳይኛ አልነበረም። "ፈረንሳይኛው መድረክ ላይ አውጡኝ" አለ። አዘጋጆቹ ግራ ገባቸው። እሱ ግን ሙከራ እያካሄደ ነበር፦ ይህ ዝምተኛ ሰው ቋንቋውን በማያውቅ ሕዝብ ፊት ይሠራል ወይስ አይሠራም? ሠራ። ምርቱን ገበያ ከማውጣቱ በፊት ላብራቶሪ አስገባው እንደማለት ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ጥር 1 ቀን 1990 አይቲቪ በተባለው ጣቢያ ወጣ። ያን ዓመት ስዊዘርላንድ ሞንትሩ ላይ ወርቃማውን ጽጌረዳ ሽልማት ወሰደ። እንግሊዝ ውስጥ አንዱን ክፍል ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። ስንት ክፍል ያለው ይመስላችኋል? መቶ? ሁለት መቶ? ካርቱኑን ካልቆጠርን በአምስት ዓመት ውስጥ የተሠራው 15 ክፍል ብቻ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንስቅበት የኖርነው 15 ክፍል፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ!

ለምን ዓለምን ሞላ? መልሱ ቀላል ይመስላል፣ "ስለማይናገር" ትላላችሁ። ልክ ነው፣ ግን የንግድ ትርጉሙን አስቡት። አንድ ጣቢያ የውጭ ኮሜዲ ሲገዛ ሁለተኛ ወጪ አለበት፦ ትርጉም። ድምፅ የሚሰጥ ሰው፣ ተርጓሚ፣ ስቱዲዮ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ቀልዱ ትርጉም ላይ ይሞታል። ሚስተር ቢን ካሴቱን ማስገባት ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ድሃ ጣቢያም፣ አየር መንገድም፣ ቪዲዮ ቤትም፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስም ያለምንም ተጨማሪ ወጪ ሊያሳየው ይችላል። ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ አያትም የልጅ ልጅም እኩል የሚስቁበት ሌላ የፈረንጅ ፕሮግራም ስንት አለ? በ190 ገደማ አገሮችና ግዛቶች ተሽጧል።

ግን ዝምታ ብቻውን አያስቅም። አትኪንሰን በ1992 ስለ ዓይን ኮሜዲ አንድ ዶክመንተሪ ሠርቶ ነበር፣ እንደ ፕሮፌሰር ሆኖ ሌክቸር ይሰጣል። እዚያ ላይ ሰው ወይም ዕቃ የሚያስቀው በሦስት መንገድ ነው ይላል፦ ያልተለመደ ነገር ሲያደርግ፣ ያልተለመደ ቦታ ሲገኝ፣ መጠኑ ልክ ሳይሆን ሲቀር። አሁን የምታስታውሷቸውን ክፍሎች በዚህ መዝኗቸው። የገና ዶሮ የሚያህለው ትልቁ ተርኪ መቀመጫው የት ነው? ሳህን ላይ። ጭንቅላት ላይ ሲሆን ያስቃል። ሶፋ የት ይቀመጣል? ሳሎን። የሚኒ መኪናው ጣሪያ ላይ ታስሮ ሰውዬው ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ በመጥረጊያና በገመድ መኪና ሲነዳ ያስቃል። ፓርክ ውስጥ ሳንድዊች የሚሠራበትን አስታውሱ፤ ሰላጣውን ያጥብና ካልሲው ውስጥ አድርጎ እያሽከረከረ ያደርቀዋል። ሰላጣ ማድረቅ የተለመደ ነው፣ ካልሲም የተለመደ ነው፣ አንድ ላይ ናቸው የማይለመዱት።

ከእነዚህ በላይ ደግሞ አትኪንሰን ራሱ ስለ ገጸ ባሕርዩ የሰጠው ትርጉም አለ፦ በትልቅ ሰው ገላ ውስጥ ያለ ሕፃን። ሚስተር ቢን ደግ አይደለም እኮ፣ ልብ ብላችሁ ካያችሁት። ፈተና ላይ ከጎኑ ካለው ሰው ሊኮርጅ ይሞክራል፣ ያችን ሰማያዊ ባለ ሦስት ጎማ መኪና ባገኛት ቁጥር ይገለብጣታል፣ ለአሻንጉሊት ድቡ ስጦታ ሰጥቶ ሴት ጓደኛውን ያሳዝናታል። ሕፃን እንዲህ ነው፤ ራስ ወዳድ ነው፣ ግን አትጠላውም።

የሚታየው ቀላልነት ውስጡ ከባድ ነው። በንግግር ኮሜዲ ውስጥ አንዱ ተዋናይ ቢደክም ሌላው ይሸከመዋል። ሚስተር ቢን ውስጥ ሁሉም ነገር አንድ ፊት ላይ ነው ያለው። አትኪንሰን በ2021 መጀመሪያ ለአንድ መጽሔት ሲናገር ሚስተር ቢንን መሥራት ብዙም እንደማያስደስተው፣ ኃላፊነቱ እንደሚከብደው፣ እንደሚያስጨንቀውና እንደሚያደክመው ገልጿል። ካርቱኑን በድምፅ መሥራት ይቀለዋል። እኛን የሚያዝናናው ነገር ሠሪውን ያስጨንቀዋል ማለት ነው።

ገንዘቡስ? በ1997 የወጣው የቢን ፊልም በ18 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ 250 ሚሊዮን ገደማ አስገባ። የ2007ቱም ከ200 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ጆኒ ኢንግሊሽ የሚባለው የሰላይ ቀልድ ሦስት ፊልም ወጥቶታል። በላየን ኪንግ ካርቱን ውስጥ ለፍላፊዋ ወፍ ዛዙ ድምፁ የሱ ነው፤ ይሄን ስንነግራቸው የሚደነግጡ ሰዎች አሉ።

ገንዘቡ የሄደበትን መንገድ ደግሞ መኪና ወዳዶች ታውቁታላችሁ። በ1997 ማክላረን ኤፍ1 በ640,000 ፓውንድ ገዛ። በዓለም ላይ ከመቶ ብዙም የማይበልጡ ብቻ የተሠሩ መኪና ነው። ሁለት ጊዜ አጋጨው። የ2011ዱ ከባድ ነበር፤ መንገድ ስቶ ዛፍ መታ፣ እሱ ትከሻው ተጎዳ፣ ኢንሹራንሱ ለጥገና ከ900,000 ፓውንድ በላይ ከፈለ። መኪናውን አስጠግኖ ነዳው፣ በ2015 ደግሞ በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠው። ሁለት ጊዜ አጋጭቶ ከአሥር እጥፍ በላይ አተረፈ! ሚስተር ቢን እንጂ ማን ይሄን ያደርጋል? "በመኪና አደጋ ሞተ" የሚለው የውሸት ዜና ምናልባት ከዚህ እውነተኛ አደጋ ላይ ተንጠላጥሎ ይሆናል።

ሊሞት የደረሰበት ሌላ እውነተኛ ቀን ደግሞ እዚህ ጎረቤታችን ኬንያ ነው። በ2001 ከቤተሰቡ ጋር ለእረፍት መጥቶ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ናይሮቢ ሲበር አብራሪው አየር ላይ ራሱን ሳተ። አትኪንሰን አውሮፕላን አብርቶ አያውቅም። መሪውን ይዞ አብራሪው እስኪነቃ ድረስ አየር ላይ አቆየው። በሰላም አረፉ። ይህ በፊልም ቢሠራ "አልተጋነነም?" ይባል ነበር።

መኪና ካነሳን አይቀር፣ በ2023 ዘ ጋርዲያን ላይ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የጻፈው ጽሑፍ እንግሊዝን አንጫጭቷል። ቀድመው ከገዙት አንዱ ነበር፣ ባትሪው ሲሠራ የሚያደርሰውን ብክለት አንስቶ "የተሸወድኩ መሰለኝ" ዓይነት ነገር ጻፈ። ባለሙያዎች ስሌቱን ተቹት። የነዳጅ መኪና ማስገባት ለተከለከለብን ለእኛ ክርክሩ ትንሽ ቅንጦት ነው።

ቀልድ መናገር መብት መሆኑ ላይ ግን ሰውዬው ቀልድ አያውቅም። የእንግሊዝ መንግሥት የሃይማኖት ጥላቻን የሚከለክል ሕግ ሲያዘጋጅ አትኪንሰን ከ2004 ጀምሮ በአደባባይ ተቃወመ። በ2012 ደግሞ "መስደብ" ብቻውን ወንጀል እንዲሆን የሚያደርገው አንቀጽ እንዲቀየር ዘመቻ ውስጥ ገባ። ክርክሩ፣ በአጭሩ፣ ሰውን በዘሩ ማጥቃትና አስተሳሰቡን መተቸት አንድ አይደሉም የሚል ነው። አንቀጹ ተቀየረ። ዝም በማለት የታወቀው ሰው የተከራከረው ለመናገር ነው።

በዚያው 2012 የለንደን ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ ከታላቁ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ተቀምጦ አንዲት ኖታ ደጋግሞ ሲጫን፣ እየሰለቸው ስልኩን ሲያወጣ ዓለም አየው። እኛ ያንን ኦሎምፒክ በጥሩነሽ፣ በመሠረትና በቲኪ ወርቅ ነው የምናስታውሰው፣ እንግሊዞች ግን የሱን አንድ ጣት ያነሳሉ። ያን ዓመት ሚስተር ቢንን መተው እንደሚፈልግ ተናግሮ ነበር፤ ሃምሳ ያለፈው ሰው እንደ ሕፃን ሲሆን ማየት ትንሽ ያሳዝናል ብሎ። ግን ሙሉ በሙሉ አልተወውም፤ ማስታወቂያም፣ ኮሚክ ሪሊፍም እያለ ብቅ ይላል።

አሁን ወደ ሞቱ ዜና ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። የ2017ቱ የውሸት ዜና የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ዜና ጣቢያ ስም ተለጥፎበት ነበር። ሊንኩን የነኩ ሰዎች የመጣላቸው ቪዲዮ ሳይሆን "ኮምፒውተርህ ተቆልፏል፣ በዚህ ስልክ ደውል" የሚል ማስፈራሪያ ነው። የደወለ ሰው ገንዘብና የካርድ ቁጥር ይጠየቃል። ለምን ሚስተር ቢን ተመረጠ? በየአገሩ ይታወቃል፣ ማንም አይጠላውም፣ ስለ ፖለቲካም ስላልሆነ ማንም አይጠራጠርም። ለአጭበርባሪ ከዚህ የተሻለ ወጥመድ የለም። እኛ አገር ቅርጹ ይለያል፤ "ሙሉ ቪዲዮውን ለማየት" የሚል ሊንክ፣ ቀጥሎ የስልክ ቁጥር፣ ቀጥሎ በኤስኤምኤስ የመጣውን ኮድ አስገባ። ያንን ኮድ ከሰጣችሁ ቴሌግራማችሁ የእናንተ አይደለም። የታዋቂ ሰው ሞት እውነት ከሆነ በደቂቃ ውስጥ ቢቢሲም ሮይተርስም ላይ አለ፤ ኮድ አይጠይቁም።

ሰውዬው አሁንም ይሠራል። በ2022 ኔትፍሊክስ ላይ ከአንዲት ንብ ጋር ተጣልቶ የሰው ቪላ የሚያወድምበትን ተከታታይ ሠራ፤ ክፍሎቹ አጫጭር ናቸው፣ ለስልክ ይመቻሉ። በ2023 ዎንካ ፊልም ላይ ቸኮሌት የሚወድ ቄስ ሆኗል። የድሮዎቹን ሚስተር ቢኖች ዩቲዩብ ላይ ያለው ኦፊሴላዊ ቻናሉ በነጻ ያሳያል፣ ጥራቱን ዝቅ ካደረጋችሁት ዳታም ብዙ አይበላም። ከየት ልጀምር ካላችሁ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሩ። ፈተናው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ሱሪውን ሳያወልቅ የዋና ልብሱን ለመልበስ የሚታገለው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንቅልፍ የሚጥለው፣ ሦስቱም እዚያ ናቸው። እንቅልፉ ላይ አንገቱን ብቻ እዩት።